ደረት ላይ የምትቀመጠው

ጡረታ የወጣው የእንግሊዝኛ መምህር፣ ተማሪዎቹ «ጥንቱ» እያሉ የሚጠሩት፣ የቃል ሥር ሳይቆፍር ውሎ የሚያድር ሰው አልነበረም። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ዩ አር ናይስ» ብትለው፣ «ጥንት ናይስ ማለት ቂል ማለት ነበር፤ ሰደብሽኝ እኮ!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ይገድለው ነበር። ዊንዶው የሚለው ቃል ሲመጣ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሥሩ የነፋስ ዓይን ማለት ነው፤ እናንተ ስታዩ እሱም ያያችኋል» ይል ነበር። ከዚያ ወዲያ መስኮት ዳር መቀመጥ የጠሉ ልጆች ነበሩ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜ ልኳን የሱን ጥንት ስትሰማ፣ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ሳታነሳ «እሺ መምህሬ» ትለዋለች።

ዘንድሮ ግን ጉድ መጣ። «ስተኛ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ይወጣል፤ ልጮህ ስል ድምፄ እምቢ ይለኛል» አለችው። ሐኪም ቤት ሄዱ፤ ልቧም ሳንባዋም ደህና ነው ተባለ። እንቅልፍ ፈራች። ከሳች፤ ስፌት ላይ እያንቀላፋች መርፌው ጣቷን ይወጋት ጀመር።

እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዓይኑ በራ!

«ይኼማ ናይትሜር ነው! ዛሬ ክፉ ሕልም ማለት ሆኗል፤ ፈተና የከበደው ሁሉ ናይትሜር ይላል። ጥንት ግን ሜር የተኛ ሰው ደረት ላይ የምትቀመጥ መንፈስ ነበረች። እኛ ዱካክ የምንለው መሆኑ ነው። ትርጉሙ እየሳሳ መጣና...»

«አንተ ሰውዬ!» አለችው። «የስሟን ታሪክ መቼ ጠየቅኩህ? ስተኛ አጠገቤ ተቀመጥልኝ ነው የምልህ።»

አፈረ፤ የሚገባበት ጠፋው።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፀሐይዋ አልጋው ድረስ ገብታለች። ትንሽ ቆይቶ የሚስቱ ትንፋሽ ቀጠነ። ከዚያ ብርድ ልብሱ ደረቷ ላይ ቀስ እያለ ተሰረጎደ። ወይ ጉድ! ልክ ድመት የተኛችበት ይመስላል፤ እነሱ ግን ድመት የላቸውም። ከንፈሯ ጠቆረ። ቢጠራት፣ ቢወዘውዛት አልነቃችም። እጁን ሥርጉዱ ላይ ቢሰድ የሚጨበጥ ነገር የለም፣ ቅዝቃዜ ብቻ።

በሩ ክፍት ነበር፤ ሮጦ ሊወጣ ሁሉ ቃጥቶት ነበር። እሷን ማጣት ግን ከዚያም ባሰበት።

«ተያት» አለ። «እኔ አለሁ አይደል? ወደኔ ነይ።»

ብርድ ልብሱ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

ሚስቱ አመሻሽ ላይ ጉንጯ ቀልቶ ነቃች። «እሰይ! እንዲህ ተኝቼ አላውቅም» አለች እየተንጠራራች። «በል ያን ቃልህን እንደገና ንገረኝ፤ አሁን ልስማህ።»

መምህሩ ከወንበሩ አልተነሳም። አፉን ከፈተ፤ ድምፁ እምቢ አለው። እጇን ብቻ ጭብጥ አድርጎ ያዘ።

«ጉድ ነው፣ ዛሬስ አንተም ዝም አልክ!» ብላ ሳቀችና ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች።