ለፎቶ የተተከሉ ችግኞች

ማረፊያ ቤቱ ስለሞላባቸው ያሰሩን በወረዳው ማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነበር። በሩ ከኋላችን ሲዘጋ ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ጓደኛዬ ግን አየሩን ሳብ አድርጎ «ዩሪያ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ አሞኒያ ይሆናል» አለ። የሳይንስ አስተማሪ ነበር፤ እስር ቤትም ገብቶ ማስተማሩን አልተወም። በአረካ መንገድ ስንሄድ ባጃጅ አስቁሞ ዘር የሚለቅም ሰው ነበር። ፈታሹ ፖሊስ ከኪሱ ያወጣውን የዋንዛ ዘር «ምንነቱ ያልታወቀ ነገር» ብሎ መዘገበው። ዋንዛ ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው።

ጥፋታችን በስብሰባ ላይ እጅ ማውጣታችን ነው። ጓደኛዬ ከተማሪዎቹ ጋር እንሰት፣ ቦይና የምንለውን ጎደሬና ቡና የሚያለማበትን የትምህርት ቤት ጓሮ የወረዳው አስተዳዳሪ ለዘመዱ ሱቅ መሥሪያ ሰጠው። ጓደኛዬ ለምን ብሎ ጠየቀ፤ እኔም ደገፍኩት። በማግስቱ ፀረ ልማት ተባልን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ኮማንደሩ ሆዱን አስቀድሞ ገባ። ከሶዶ እንግዶች ስለሚመጡ ግቢው ውስጥ ችግኝ ተክለን ፎቶ እንድንነሣ፣ ከዚያ ከሰዓት እንደምንፈታ ነገረን። የታረሙ መምህራን መሆናችን ነው። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ቀናት ቀርተዋት ስለነበር ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ ጠበቀን። ሹማምንቱ በአዲስ ቦት ጫማ ቆመው የግራቪሊያውን ችግኝ ከነጥቁር ፕላስቲኩ ይጥሉና አፈሩን በእግራቸው ይገፉበታል። እኔም እንደነሱ አደረግሁ።

ጓደኛዬ ተንበረከከ። ፕላስቲኩን በጥርሱ ቀደደ፣ ሥሩን በጣቱ ፈታ ፈታ አድርጎ ተከለ። ከዚያ ተነሥቶ ሹማምንቱ የተከሉትን መንቀል ጀመረ።

«መምህር፣ ምን እየሠራህ ነው?» አለ ኮማንደሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከነፕላስቲኩ ከተተከለ ሥሩ መሄጃ ያጣል። ይደርቃል።»

«ለፎቶ ነው እኮ። ተወውና ቤትህ ግባ።»

«እናንተ ፎቶውን አንሡ። እኔ ደግሞ ልትከል።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ። ኮማንደሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ «ይሄን አስገቡት» አለ። ጓደኛዬ አልተጣደፈም። ወደ እኔ ችግኝ መጣና ነቀለው፤ ፕላስቲኩን ገፎ መልሶ ተከለው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እጁን በሱሪው ጠርጎ ከፖሊሶቹ ቀድሞ ወደ መጋዘኑ ሄደ።

እኔ ከሰዓት ተፈታሁ። እሱ አራት ወር ቆየ።

ባለፈው ዓመት ታሞ አረፈ። ያው አስተዳዳሪ በለቅሶው ላይ «ተፈጥሮ ወዳዱ መምህራችን» የሚል ወረቀት አነበበ፤ አላፈረም። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «አብሮት የታሰረው ነው» ብለው አስተዋወቁኝና ወንበር ተለቀቀልኝ። አመስግኜ ተቀመጥኩ።

እነዚያን ሹማምንት ዛሬም እንቃቸዋለሁ። ግን እነሱ ቢሮ ውስጥ ያረጁ ናቸው፤ ፕላስቲኩ መውለቅ እንዳለበት ላያውቁ ይችላሉ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አውቅ ነበር።