መስኮቱ ሥር የቆመችው ልጅ

የሦስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ማዘጋጀት ቀላል የሚመስለው ሰው አንድ ገጽ ሞክሮ ይምጣ። አዘጋጇ በዚህ ሥራ ፀጉሯ ሸብቷል። "ይህች ድመት ናት" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ስብሰባ ታስጠራለች፤ ድመቷ ትቀመጥ ወይስ ትተኛ፣ ጅራቷ ወዴት ይዙር፣ ሁሉም ያገባኛል ባይ ነው።

በመሥሪያ ቤቱ ግን ማንም የማይደፍረው አንድ ደንብ አለ። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ትምህርት ቤት ወርዶ ይሞከራል። አብዛኞቹ ልጆች አንድ ጥያቄ ከሳቱ፣ የሚታረመው መጽሐፉ እንጂ ልጆቹ አይደሉም።

በዚህኛው መጽሐፍ የራሷን ቤተሰብ አስገብታ ነበር፤ እናት፣ አባት፣ ወንድ ልጅ፣ መስኮቱ ሥር የቆመች ሴት ልጅ። ሴቷ ልጅ ግድብ ውስጥ ሰጥማ ከሞተች ሰነባብታለች። ባሏ ረቂቁን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"አውጫት" አላት። "ታናሽ ወንድሟ ከርሞ ሦስተኛ ክፍል ይገባል። እህቱን እያየ ነው እንግሊዝኛ የሚማረው? እባክሽ፣ አሳርፊያት።"

እውነቱን ነበር። ሳትወድ ሥዕሉን ለሰዓሊው መለሰችለት። ሰዓሊውን "ላጲስ" ይሉታል፤ ከሚስለው የሚያጠፋው ይበልጣላ። ላጲስም በአዲስ ወረቀት እንደገና ሳለውና መስኮቱ ሥር ባዶ ግድግዳ ቀረ።

የሙከራው ዕለት ጠዋት አዘጋጇ እንደ ልማዷ የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። መምህሩ ገጹን አስገለጠና "ሁ ኢዝ ኢን ዘ ፒክቸር?" አለ።

"ማዘር!" አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ። "ፋዘር! ብራዘር!"

መምህሩ ሊያልፍ ሲል፣ "ሲስተር!" ብለው ጨመሩ።

"የምን ሲስተር?" ብሎ ሳቀ መምህሩ። "በሕልማችሁ ካልሆነ ሲስተር የለችም። እስቲ አሳዩኝ።"

ጣቶች ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ዐረፉ፤ መስኮቱ ሥር። አዘጋጇም ፈጥና ገጹን ገለጠች። የራሷን ቅጂ አየች፤ ግድግዳ ነው። ተነሥታ የልጆቹን አየች፤ ያው ግድግዳ። መምህሩም ሳቁን ዋጠ።

አጠገቧ ወዳለችው ተማሪ ጎንበስ ብላ "የኔ እናት፣ ልጅቷ ምን እያደረገች ነው?" ስትል በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

ተማሪዋ ይሄ ምኑ ይጠየቃል በሚል ዐይን አየቻት። "ቆማለች። ፀጉሯ ግን ውኃ ያንጠባጥባል። ፎጣ የላትም እንዴ?"

ላጲስ በመጀመሪያው ሥዕል እንኳ የሳለላት ደረቅ፣ በወጉ የተጎነጎነ ፀጉር ነበር። ሬሳዋ ከግድቡ ሲወጣ ምን ይመስል እንደ ነበር በዚያ ክፍል ውስጥ ከእናቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ማታ ለባሏ አንድ ሳታስቀር ነገረችው። አበድሽ እንዳይላት ሰግታ ነበር፤ እሱ ግን አመናት።

"ልጁስ?" አለ በመጨረሻ። "እሱም ገጹን ሲገልጥ እንደዚያ ሆና ሊያያት ነው?"

"እኔንጃ። እኔም የፈራሁት እሱን ነው።"

"እንግዲያው መልሺያት" አላት። "ለላጲስ ንገሪው፣ እዚያው መስኮቱ ሥር ይሳላት። ፀጉሯን ግን ያድርቅላት።"