እሳት የሌለው ወጥ ቤት

ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ከነበረው ምግብ ቤት በልቶ የሸዋወርቅን እጅ ያላመሰገነ ካለ፣ ያን ቀን ጥርሱን ታሞ ነበር ማለት ነው። ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው መንገደኛም፣ ከአሰብ የሚመጣው የከባድ መኪና ሾፌርም፣ “ሸዋዬ አለች?” ብሎ ነበር የሚቀመጠው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ስትሠራ ጨው ለክታ አታውቅም። ከወጡ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ላስ፣ “ትንሽ ይቀረዋል” ወይም “በቃው”፤ አለቀ።

በ1973 ሰኔ ላይ ወባ ጣላት። ትኩሳቱ ሲለቃት የምላሷን ጣዕም ይዞባት ሄደ። በርበሬው አፈር፣ ቅቤው ውኃ ሆነባት። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት እጇ ነው፣ የእጇ ዳኛ ደግሞ ምላሷ። ሐምሌ ውስጥ ዐሥር ቀን ጨውን በግምት እየጨመረች ሠራች። በዐሥራ አንደኛው ቀን ካድሬዎች ለምሳ መጥተው ዶሮ ወጥ አዘዙ። ጨው መጨመሯን ረስታ ደገመችው፤ ተጠራጥራ ሠለሰችው። አንዱ ጎርሶ ተፋና፣ “ጓዶች፣ ይሄ ስህተት አይደለም፤ አሻጥር ነው!” አለ።

ዛሬ ያስቃል። ያኔ ግን በዚህች ቃል የተነሣ ወጥቶ የቀረ ሰው ነበር። የምግብ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ተሻለች እየተንቀጠቀጡ ለምነው አበረዱና፣ እንግዶቹ እንደወጡ ሸዋወርቅን ጠሩ። “ልጄ፣ እጅሽ ተለውጧል። እኔም የማሳድጋቸው አሉኝ” አሏት፤ አለቀሱም። እሷም አለቀሰች። ምክንያቱን ግን አልተናገረችም።

ጋሪ ነጂው ገመቹ በዚያ ወጥ ቤት በር ላይ ስንት ዓመት ከእጇ ጎርሷል። ጓዟን ሲጭን ፊቷን አየት አድርጎ፣ “እቴ ሸዋዬ፣ ወደ አዋሽ ዳር ጠበል አለ፤ ፍልሰታ ሊገባ ነው፤ ላድርስሽ። ዋቃ ያውቃል” አላት። ሄደች።

ጠበሉ ከገደል ሥር ይወርዳል። ሱባኤ የገባው ሰው ስድሳ ይሆናል። የቦታው ሥርዓት ግን ጉድ ነው፤ የሱባኤተኛ ምግብ እሳት አያይም። ሽምብራው ተዘፍዝፎ፣ ምስሩ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በቅሎ፣ ተልባው ፀሐይ ላይ ደርቆ ተወቅጦ፣ በሎሚና በጤና አዳም ተለውሶ ይቀርባል። ምድጃ ፍለጋ ዓይኗን ብታንከራትት አንድም የለ። “ያለ እሳት ወጥ ቤት!” አለች በሆዷ፤ “ይህንንም አየሁ።”

ይህን ምግብ ሃያ ዓመት ያሰናዱት እማሆይ ዘርፉ ናቸው። ወጥ ሠሪ መሆኗን ሲሰሙ ፊታቸውን አጨፈገጉ። “ባለሙያ አልወድም” አሉ። “ምን ይደረግ፣ ጉልበት ከዳኝ። ተማሪ። እጅሽ ከተስማማኝ በእኔ ቦታ እዚሁ ትቀሪያለሽ፤ ካልተስማማኝ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጾም ፈትተሽ ትሄጃለሽ።” ሸዋወርቅ መሄጃ አልነበራትም። ይህን ግን ለእማሆይ አልነገረቻቸውም።

ተማረች። ደረቅ ሽምብራ ከገበቴ ወደ ገበቴ ሲገለበጥ ይንጫጫል፤ የራሰው ድምፁን አጥፍቶ ይወርዳል። የምስሩ ቡቃያ ከገብስ ቅንጣት ከረዘመ ይመራል። ጨው በትንሽ ቅል ይሰፈርና አፉ በጣት ይስተካከላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማልና መቅመስ የሚባል ነገር የለም። ይኼ ለእሷ ሰማይ ነበር፤ ማንም “እስቲ ቅመሺው” አይላትም። በመጀመሪያው ቀን ብቻ፣ ተልባውን ስትለውስ መዳፏ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ተነሣ። መሀል ላይ ምላሷ ትዝ አላትና አወረደችው፤ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። በሦስተኛው ቀን፣ ከጾሙ ሰዓት በኋላ፣ እማሆይ “ለሆድ ይሆናል” ብለው በቅል አንድ ነገር ሰጧት። ጠጣች፤ አመሰገነች።

እሑድ ደረሰ። ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይበላል፤ በዚያ ቦታ ልማድ ደግሞ ያዘጋጀ ሰው በሁሉ ፊት አስቀድሞ ይቀምሳል። እማሆይ ገበቴውን አቀረቡላት። “ቅመሺና ንገሪን፤ ጨው አነሰው?”

አላመጠች። አሸዋ ነው። ስድሳ ሰው ያያታል፤ ግማሹ በሽተኛ ነው። “ልክ ነው” ብትል ማን ያውቅባታል? ግን ያ የተተፋ ጉርሻ፣ የወይዘሮ ተሻለች መንቀጥቀጥ ዓይኗ ላይ መጣባት።

“እማሆይ፣ አላውቅም” አለች። “ከወባው ወዲህ ምላሴ አይቀምስም። ደብቄዎት ነው።”

“አውቃለሁ” አሉ እማሆይ። “ያን ቀን በቅል የሰጠሁሽ የግራዋ ጭማቂ ነው። እንደ ጠጅ ነው የጨለጥሽው።”

“ታዲያ ለምን አላባረሩኝም?”

“ካንቺ በፊት ሰባት ባለሙያ አስተምሬያለሁ። ሰባቱም በጾም ሰዓት መዳፋቸውን ላሱ። ክፋት አይደለም፤ እጅ ከለመደ ባለቤቱን አይጠይቅም። ያንቺ እጅ ግን መንገድ ላይ ቀረ፤ አይቻለሁ።”

“እሱማ ጽድቅ አይደለም እማሆይ። በዚህ ምላስ ብልሰው ምን አገኛለሁ?”

“ስለ ጽድቅ ማን ጠየቀሽ? ይልቅ ሰው እንዳይርበው አቅርቢ።”

ቀረች። ገመቹ በየሳምንቱ ሎሚና ፓፓያ በጋሪ ያመጣላታል፤ “አሁን የምን በር ላይ ጉርሻ፣ ሽምብራሽ ጥርሴን ሊጨርሰው ነው” እያለ ይነጫነጫል፣ ይበላል። ስለ ምላሷ መጸለዩንም በሁለተኛው ዓመት እየረሳችው መጣች።

በ1975 ፍልሰታ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ሎሚ ስትጨምቅ ፍንጣሪው ከንፈሯ ላይ አረፈ። ቀጥ አለች። እንባዋ ወረደ።

“እማሆይ! መጣ! ኮመጠጠኝ!”

እማሆይ ዘርፉ ዓይናቸው ፈዟል፤ ጥላው ሥር ቁጭ እንዳሉ አማተቡ። “ተመስገን” አሉ። “እንግዲህ ያንቺ ጾም ገና ዛሬ ተጀመረ።”

ሸዋወርቅ ቁልቁል አየች። መዳፏ ላይ ከተልባው ተቀምጧል፤ እጇም ሳታዝዘው አገጯ ሥር ደርሷል። ሁለት ዓመት ያለቀሰችለት ጣዕም አንድ ስንዝር አይርቃትም። መዳፏን በገበቴው ጠርዝ ጠረገችና መለወሷን ቀጠለች። ለዘጠኝ ሰዓት አራት ሰዓት ይቀራል።