ለእስክስታ ያልተነሣው ሰው

ይህ የዳንስ ቤት ያስከፈለኝ የሕንፃዬን ምድር ቤት ነው፤ ቦሌ ቡልቡላ፣ አስፋልት ዳር፣ ፋርማሲውም ባንኩም አከራየን ብለው ሲለማመጡኝ የከረሙበትን። የሚስቴ ኩርፊያም አለ፤ እሱ ገበያ ስለሌለው ዋጋ አላወጣሁለትም።

ዛሬ ጠዋት ለወላጆች ዝግጅት ወለሉ በጋዝ በላላ ሰም ሲወለወል፣ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ ቢሮዬ ድረስ መጣና አንገቴን ይዞ ወደ ድሮ ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ወሰደኝ፤ በተረከዛችን ስንደልቀው በየስንጥቁ ተደብቆ የኖረው አቧራ እንደ በርበሬ ብናኝ ወደሚያስነጥሰን የእንጨት ወለል።

ቲቸር አልማዝ ዳንስ የምታስተምረን እዚያ ነበር። የቪላ ልጆችንና እኛን፣ የዘበኛና የልብስ አጣቢ ልጆችን፣ ፊት ለፊት አቁማ «ክብ ራስጌና ግርጌ የለውም» ትለን ነበር፤ ክፍል ውስጥ ከኋላ መቀመጥ የለመድነው ልጆች እዚያ ከኋላ የሚባል ቦታ አጣን። የኔ ጥንድ የአቶ ተሾመ ልጅ ነበረች፤ አባቷ እንደ ስሙ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ የተሾመ፣ ሸሚዙን እናቴ የምታጥብለት ሰው። ልጅቷ እስክስታ ስትመታ ምላሷን ታወጣለች፤ እኔ ሳቄን ስውጥ ትከሻዬ ይበልጥ ይንቀጠቀጥና ቲቸር «ጎበዝ!» ትለኛለች። በዕድሜዬ በነጻ የተሞገስኩት ያኔ ብቻ ነው።

በወላጆች ቀን ክቡን ከፍተን ወላጅ እንድንጋብዝ አዘዘችን። ደንቡን ሁሉም ያውቃል፤ ፊትህ ቆሞ ትከሻውን ለነቀነቀልህ ሰው ተነሥተህ ትመልስለታለህ። እኔም ደረቴን ነፍቼ አቶ ተሾመ ፊት ቆምኩ። አልተነሣም። ብር አወጣ፣ በምራቁ አራሰ፣ ግንባሬ ላይ ለጠፈና «በቃ፣ ሂድ ለእናትህ ሳሙና ግዛላት!» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ብር መለጠፍ ለአዝማሪ ወግ ነው፤ እኔ ግን ተነሥ ነበር ያልኩት፤ ግብዣዬን ሒሳብ አደረገው። እናቴ በሩ አጠገብ ነበረች፤ እንዳይከፋው ብላ አብራ ሳቀች። ለዚያች ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

በሳምንቱ ከወላጅ ኮሚቴው «ልጆቻችንን ከማን ጋር ነው የምታጋፋው?» ተባለና ዳንሱ ቀረ፤ ቲቸርም ተባረረች። ካደግኩ በኋላ ሾላ ገበያ ሰልባጅ ኮት ስትሸጥ አገኘኋትና እንደገና ዳንስ እንድታስተምር ለመንኳት። «ትከሻዬ የኮት መስቀያ ሆኗል፣ ልጄ» አለችኝ። ባለፈው ክረምት ቀበርናት።

ይህን የዳንስ ቤት ለሰፈር ልጅ ሁሉ በነጻ የከፈትኩት ለጽድቅ አይደለም። አቶ ተሾመ እዚሁ እንደሚኖር፣ የልጅ ልጅ እንዳለው አጣርቼ ነው። ንግድ ማለት ደንበኛው በየት እንደሚያልፍ ማወቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጁን ሊያይ መጣ። የሕንፃው ዘበኛ ልጅ ፊቱ ቆማ ትከሻዋን ነቀነቀችለት። እጁ ወደ ኪሱ ሲሄድ ደረስኩበት።

«አባባ፣ እዚህ ቤት ብር አይለጠፍም። ይነሡላት።»

«ጉልበቴን እኮ ያመኛል…»

«እንደግፍዎታለን።»

ተነሣ። ትከሻው ዝናብ እንደመታው ዶሮ ተርገፈገፈ፤ ልጅቷም እንደተማረችው ለሱ ብላ ዝግ አለችለት። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እንደ ሙሽራ ደስ አለው። ሊወጣ ሲል የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት።

«ቀልድ እኮ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ፤ እናቴም ስቃለች።»

እሱ ተነሥቷል። ቲቸር አላየችም። አልታረቅንም።