ከሰኞ ጀምሪ

ዛሬ ዝናቡ ውስጥ አንድ የቆሎ ተማሪ አጠገቤ አለፈና የእርጥብ ደበሎው ሽታ አናደደኝ። ልጁ ምንም አላደረገኝም። ሽታው የየኔታ ነው።

የኔታ የአባቴ አጎት ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩበትን ጉባኤ ቤት ትተው አማኑኤል ወዳለው ቤታችን ገቡ። እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ ብቻዬን በስልኬ መተግበሪያ ስፓኒሽ እማር ነበር።

"ማን ነው የሚያርምሽ?" አሉኝ አንድ ቀን።

"ማንም። ስልኩ ነው።"

እንደ ተማሪዎቻቸው መሬት አስቀመጡኝና የሳምንቱን ቀናት በስፓኒሽ እንድልላቸው አዘዙኝ። አልኩላቸው።

"ሐሙስን ትናንት ስታጠኚ እንዲህ አላልሻትም። ከሰኞ ጀምሪ።"

ጀመርኩ። ሐሙስ ላይ ስደርስ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። ከሰኞ ጀመርኩ፤ ሐሙስ ላይ አሁንም መቱ። እህቶቼ በር ላይ ቆመው ይስቃሉ። በስድስተኛው ብድግ አልኩ።

"እርስዎ እኮ ቋንቋውን አያውቁትም።"

"እኔማ አላውቀውም" አሉ ረጋ ብለው። "አውቀዋለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ።"

ትምህርቱን እፊታቸው ከስልኬ አጠፋሁት። ዳግም ሳልከፍተው እሳቸው አረፉ። ንዴቱ ግን አልበረደልኝም፤ በሰው ፊት እንደዚያ ማድረግ ምን ይባላል?

ዛሬ ዝናቡን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልዬ ትምህርቱን እንደገና ስልኬ ላይ ጫንኩት። ቀናቱን ስል ሐሙስን ሆን ብዬ አበላሸኋት። ስልኩ "በጣም ጥሩ" አለኝ።

ጥርሴን ነክሼ ከሰኞ ጀመርኩ።