ድርቤና የጄሪካኑ መንጠቆ

የኡኬ መንደሯ ድርቤ ሰው ትንቃለች። እጁን ሳይታጠብ የሚያልብን ትንቃለች፣ ወተት በውሃ የሚያበዛን ትንቃለች፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ላም ሳያልብ ስለ ወተት የሚያስተምርን። ዘንድሮ እንዲህ ያለው ሰው እንጀራዋ ላይ መጣባት። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ያለው የወተት መሰብሰቢያ ወተቷን ኮምጥጧል ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰባት። ሦስተኛ ከተመለሰ ስሟ ይሰረዛል፤ ሌላ መተዳደሪያ ደግሞ የላትም።

ነገሩ የጀመረው ከወር በፊት ነው። ከመሰብሰቢያው ጂሬኛ የሚባል ወጣት አሠልጣኝ ጭቃ እንዳይነካው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ኡኬ መጣ። የአገሬውን ኦሮምኛ አሳምሮ ሲያውቅ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣውን ጽሑፍ እንዳለ በአማርኛ አነበነበው። ወተት የሚያኮመጥጠው ባክቴሪያ ገላው ላይ ስስ ፀጉር አለው አለ። ፀጉሩ እንደ ጨሌ የተሰካካ ፕሮቲን ነው፤ ጫፉ ላይ መንጠቆ አለ፤ በዚያ የዕቃውን ግድግዳ ይይዛል፤ ውሃ ሲጎትተው ጭራሽ ያጠብቃል። ይህን ተናግሮ ሲያበቃ ለመንደሩ ወተት አቅራቢዎች ቢጫ ጄሪካን አደለና በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት አለ። አፈ ሰፊ ዕቃ አቧራ ስለሚያስገባ ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው።

ድርቤ አማርኛውን የለመደችው ለነቀምቴ አስተማሪዎች ወተት ስታመላልስ ነው። ውሃ ሲጎትተው የሚያጠብቅ ከሆነ ማለቅለቅ ምን ይፈይዳል ብላ ጠየቀችው። ነገሩ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስለሆነ አይጨነቁ አላት።

የቀሩት አቅራቢዎች አማርኛ ስለማያውቁ ከንግግሩ የያዙት ፀጉር የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር። በማግስቱ ኡኬ ውስጥ መቀስ ጠፋ። ኢቢሴ የላሟን ጭራ ሙልጭ አድርጋ ላጨች፤ ላሚቱ ዝንብ መከላከያ አጥታ ስትራገጥ ዋለች። አዛውንቱ ፉፋ እንኳ ለማንኛውም ብለው ጢማቸውን ተላጩ። ወተቱ ግን መኮምጠጡን አልተወም። ድርቤ ሁሉንም አይታ ከንፈሯን መጠጠች፤ ከአዘኔታ እንዳይመስላችሁ።

ወተቷ ሁለቴ ከተመለሰ በኋላ፣ ሦስተኛው የማስረከቢያ ቀን ሲደርስ እጇን ወደ ጄሪካኑ ብትሰድ ከሦስት ጣት በላይ አልገባ አለ። ገጀራ አንስታ ለሁለት ሰነጠቀችው። የውስጥ ግድግዳው እንደ ተልባ ይሙለጨለጫል። ያን ቀን ወተቷን ያለበችው በክልክሉ ዕቃ፣ በገለባ ፈትጋ የፈላ ውሃ በደፋችበት አፈ ሰፊ ድስት ነው። ከድናው በሚኒባስ ነቀምቴ ወረደች።

መርማሪው ዋቅወያ ከወተቱ ቀንሶ ከአልኮል ጋር ቀላቀለው፤ አልረጋም፤ አልኮመጠጠም ማለት ነው። ጂሬኛ ግን ድስቱን አይቶ፣ አዴ ድርቤ፣ ይሄ ክልክል ነው አላት። የተሰነጠቀውን ጄሪካን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በራስህ አማርኛ ልንገርህ» አለችው። «መንጠቆ አለው ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ። ያላመንከውም አንተ ነህ።»

ዋቅወያ ወተቱን ተቀብሎ ወደ መሰብሰቢያው ማጠራቀሚያ ገለበጠ፤ ስሟም ሳይሰረዝ ቀረ። ጂሬኛ የጄሪካኑን ግድግዳ በጣቱ ነካ አደረገና የሚጠርግበት ጨርቅ ሲፈልግ ቆየ።