ይበቃል፣ ይዘጋ

ራቢዓን ሽንኩርት ማሳዋ ዳር የተቀመጠችው እንግዳ ግራ አጋብታታለች። በዚህ የሸዋ ሮቢት ወበቅ ሹራቧን አላወልቅ ብላለች፤ ስልኳ በላስቲክ ታስሯል። የመጣችው የሌሎችን ጥናት ልትመዝን ነው። ጥናቱ፣ መስኖ ሲበቃ በድምፅ የሚናገረውን የስልክ መተግበሪያ ገበሬው ደጋግሞ ስለሚከፍተው ውኃ ተቆጥቧል ይላል።

«እውነት ለውኃው ነው የምትከፍቱት?» አለቻት እንግዳዋ።

«ወላሂ፣ ለውኃውም ነው። ይበልጥ ግን ለጋሼ ሷሊሕ ነው።»

የመስኖ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ሷሊሕ ስብሰባ ላይ ወሬ ሲያስረዝሙ አንዱ ከኋላ ስልኩ ላይ መተግበሪያውን ነካ ያደርጋል። ስልኩም በለስላሳ የሴት ድምፅ «ይበቃል፣ ይዘጋ» ይላል።

እንግዳዋ ሳቋ አላቆም ብሏት እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ስትጠርግ የራሷ ስልክ ጮኸ። የባሏ ቁጣ ራቢዓ ድረስ ይሰማል፤ ማን ፈቅዶልሽ ሄድሽ ይላል። ሴትዮዋ «እሺ፣ እሺ» እያለች ቆየችና ድንገት ራቢዓን በዓይኗ ጠቀሰቻት። ራቢዓ ገባት። የራሷን ስልክ አስጠግታ መተግበሪያውን ነካችው።

«ይበቃል፣ ይዘጋ።»

እንግዳዋም ስልኩን ዘጋችው። ሁለቱ ሴቶች ሽንኩርቱ ዳር ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሳቁ ሲበርድ እንግዳዋ የበለዙ ክንዶቿን ሳትደብቅ ሹራቧን አወለቀች።